ክኒኑ፣ መርፌው ወይስ ገበታው? የዓይነት 2 ስኳር አማራጮች ጎን ለጎን

አክስቴ ስኳር እንዳለባቸው የተነገራቸው ቀን ወደ ቤት የገቡት ሁለት ዓይነት ክኒን ይዘው ነበር። በሳምንቱ ምክሩ ከክኒኑ በለጠ። ጎረቤት መጥታ "ሜትፎርሚን ኩላሊት ይጨርሳል፣ ይተዉት" አለች። የእድር ጓደኛቸው የሽፈራው ቅጠል ቀቅላ አመጣች። ልጃቸው ከአሜሪካ ደውላ "እማዬ፣ በሳምንት አንዴ የምትወጊው መርፌ አለ፣ ልላክልሽ" አለች። እኔ ጋ ሲደውሉ ጥያቄያቸው አጭር ነበር፦ "አንተ ልጅ፣ የቱን ልያዝ?"

ይህ ጽሑፍ ያኔ የሰጠኋቸው መልስ ነው፣ ትንሽ ረዘም ብሎ። ሐኪም አይደለሁም። መድኃኒት የሚያስጀምረውም የሚያቆመውም ሐኪማችሁ ነው። እኔ የማደርገው አማራጮቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፣ ለቀጠሮ ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን እንዳትሄዱ።

## መጀመሪያ መለኪያው

"የቱ ይሻላል?" ብሎ መጀመር ስህተት ነው። ለማን? በምን ኑሮ? በምን አቅም? እኔ በስድስት ነገር ነው የምመዝነው።

አንደኛው ስኳርን ምን ያህል ያወርዳል የሚለው ነው። እዚህ ላይ የሚያገለግለው የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ፣ ማለትም ኤዋንሲ ነው። 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ስኳር በሽታ ይባላል። ለአብዛኛው አዋቂ ታካሚ ግቡ ከ7 በታች ነው። ዕድሜያቸው ለገፋና ሌላ በሽታ ለተደራረበባቸው ሐኪሙ እስከ 8 ሊፈቅድ ይችላል። በጣት ደም ሲለካ ደግሞ (በሚሊግራም በዴሲሊትር) ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ምግብ ከጀመሩ 2 ሰዓት በኋላ ከ180 በታች ቢሆን ጥሩ ነው።

ሁለተኛው፦ ከልክ በላይ ያወርዳል ወይ? ከ70 በታች ሲወርድ አደጋ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ከፍታውን ነው፤ እኔ ግን ይህንን ከሁሉም አስቀድማለሁ። ምክንያት አለኝ። አክስቴ በጾም ጠዋት ክኒናቸውን ውጠው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ቅዳሴ ላይ ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸው ተኮላተፈ። አጠገባቸው የነበሩት ድካም መስሏቸው ጸበል ረጩባቸው። ያወቀችው ልጇ ስኳር ያለባት አንዲት እናት ነበረች። ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣቻቸውና ነቃ አሉ።

የቀሩት አራቱ፦ ክብደት ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ለኩላሊትና ለልብ እንዴት ነው? ዋጋውስ? ዋጋ ስል የዚህን ወር ብቻ አይደለም፤ ከዓመት በኋላም ፋርማሲ ውስጥ ይገኛል ወይ ማለቴ ነው። የመጨረሻው ኑሮ ነው። ማቀዝቀዣ አለ? ጾም አለ? ሰውየው ብቻውን ነው የሚኖረው?

## ገበታና እንቅስቃሴ

ይህ አማራጭ ሳይሆን መሠረት ነው። ክኒን የሚውጥም፣ መርፌ የሚወጋም ከዚህ አያመልጥም።

"ጤፍ ለስኳር ጥሩ ነው" ሲባል ሰምታችኋል። ግማሽ እውነት ነው። ጤፍ ሙሉ እህል ስለሆነ ከፉርኖ ዳቦና ከነጭ ሩዝ የተሻለ አሰር አለው። ግን እንጀራ እንጀራ ነው፤ አብዛኛው ስታርች ነው፣ ስታርች ደግሞ ሆድ ውስጥ ስኳር ይሆናል። ሁለት ሰፋፊ እንጀራ የበላ ሰው "ጤፍ ነው እኮ" ቢል መለኪያው አይሰማውም። ከዓይነቱ ይልቅ መጠኑ ይገዛል።

እኛ ጋ ትልቁ ችግር መጠኑን ማወቅ ነው። ትሪ ላይ አብሮ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። ጉርሻው ሲጨመር ጭራሽ። አክስቴ ያገኙት መላ ቀላል ነው። ትሪው ሳይቀርብ ድርሻቸውን በራሳቸው ሳህን ያወጣሉ፦ ግማሽ እንጀራ፣ የሳህኑ እኩሌታ ጎመን ወይም ሰላጣ፣ ቀሪው ምስር ወይም ሽሮ፣ ፍስክ ሲሆን እንቁላል ወይም ሥጋ። የመጀመሪያው ሳምንት ቤተሰቡ "ተለዩን እንዴ?" ብሎ አኮረፈ። አሁን ለምዶታል።

ቶሎ ለውጥ የሚታየው ግን መጠጥ ላይ ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ ከሰባት የሻይ ማንኪያ በላይ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ በየሲኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ የሚያደርጉ ሰዎች በአንድ ቡና ስድስት ማንኪያ ጠጡ ማለት ነው። ጭማቂ ቤት የሚጠጣው "የተፈጥሮ" ጁስም ያው ነው፤ ሁለት ሦስት ማንጎ አሰሩ ተፈጭቶ በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል፣ ላዩ ላይ ስኳር ይጨመርበታል። ማንጎውን ራሱን ግማሽ መብላት ይሻላል። ማርም ያው ስኳር ነው። ለታመመ ሰው በፍቅር የሚቀርበው አጥሚት ደግሞ ስኳርን በፍጥነት ከፍ ያደርጋል፣ እናቶች ይቅር በሉኝ።

የጾም ምግብ ለስኳር ይመቻል ይባላል። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ተልባ ከሆነ አዎ። ፓስታ በድንች፣ ዳቦ በሻይ፣ ሳምቡሳ ከሆነ ግን አይመችም።

እንቅስቃሴ በሳምንት 150 ደቂቃ ይመከራል፤ በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። ጂም አያስፈልግም። ከበሉ በኋላ 15 ደቂቃ መራመድ ብቻውን ከምግብ በኋላ ከፍ የሚለውን ስኳር ያለዝባል። እግራችሁ የሚደነዝዝ ከሆነ የማይጨመድድ ጫማ አድርጉ፣ ማታ ማታም እግራችሁን እዩ።

በምግብ ብቻ ከመድኃኒት መላቀቅ ይቻላል? ለአንዳንዱ አዎ። በብሪታንያ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዳይሬክት የተባለው ጥናት በጣም አነስተኛ ካሎሪ ያለው አመጋገብ ተጠቅሞ ነበር። በዓመቱ 46 በመቶው ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታ ደረጃ በታች ሆነ። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ውስጥ ደግሞ 86 በመቶው። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ሁሉም ከመጠን በላይ ክብደት የነበራቸው፣ በሽታው ከታወቀ ከስድስት ዓመት ያልበለጣቸውና ኢንሱሊን (ስኳር የሚያወርደውን የቆሽት ንጥረ ነገር በመርፌ) የማይወስዱ ነበሩ። የተደረገውም በባለሙያ ክትትል ነው።

"እኔ ቀጭን ነኝ፣ ስኳር ከየት መጣ?" የሚል ብዙ አበሻ አለ። ቀጭንነት ዋስትና አይደለም። በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ስኳር እምብዛም አልነበረባቸውም። አመጋገቡና አኗኗሩ ሲቀየር በሽታው በመካከላቸው በፍጥነት ተስፋፋ፣ ብዙዎቹንም የያዛቸው ወፍራም ሳይባሉ ነው። ለቀጭን ታካሚ "ክብደት ቀንስ" የሚለው ምክር አይሠራም። ያለ ምክንያት እየከሳ፣ ውሃ እየጠማውና ሽንት እያመላለሰው ከሆነ ደግሞ ቶሎ ሐኪም ይየው፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ሊሆን ይችላል።

## ሜትፎርሚን

አብዛኛው ሰው የሚጀምርበት ክኒን ነው። ርካሽ ነው፣ በብዛት ይገኛል፣ ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች እምብዛም አያወርድም፣ ክብደት አይጨምርም። ኤዋንሲን ከ1 እስከ 1.5 ነጥብ ይቀንሳል።

ሆድ ግን ያስቸግራል። ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ብዙ ሰው እንዲጥለው አድርጓል። መላው በ500 ሚሊግራም መጀመር፣ ከምግብ ጋር መውሰድና ቀስ እያሉ መጨመር ነው። ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ዓይነትም አለ፣ ለሆድ ይለዝባል።

አሁን ወደ ኩላሊቱ ወሬ። ሜትፎርሚን ኩላሊት አያበላሽም። የሚያበላሸው ያልተያዘ ስኳርና ደም ግፊት ነው። ወሬው የመጣው ከዚህ ይመስለኛል፦ መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊት ሲደክም ይጠራቀማል። ስለዚህ የኩላሊት የማጣራት አቅም (በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ eGFR የሚለው) ከ45 በታች ሲሆን ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል፣ ከ30 በታች ሲሆን ያቆመዋል። ጎረቤት የምታየው "ኩላሊቱ ታመመ፣ ክኒኑን አስቆሙት" የሚለውን ነው። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ።

ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ሊያጎድል ይችላል። የእግር መደንዘዝ ሁሉ ከስኳሩ አይደለምና አልፎ አልፎ ማስመርመር ተገቢ ነው፣ በተለይ ጾመኛ ለሆነ፣ ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነውና።

"እኔ ተክል ነው የምፈልገው" ለሚሉ ደግሞ አንድ ነገር። የሜትፎርሚን መነሻ ጋሌጋ የሚባል የአውሮፓ ተክል ነው። ተክሉ እንዳለ ሲወሰድ መርዛማ ስለነበር ሳይንስ የሚጠቅመውን ባሕርይ ለይቶ፣ መጠን ሰጥቶ ክኒን አደረገው። ሽፈራው፣ አብሽና ጥቁር አዝሙድ ስኳርን ትንሽ ሊያወርዱ ይችላሉ። እንደ ምግብ ብሉ። በክኒን ቦታ ግን አትተኳቸው፣ የምትወስዱ ከሆነም ለሐኪም ንገሩ።

## ግሊቤንክላማይድና ዘመዶቹ

እነዚህ ቆሽትን "ኢንሱሊን አውጣ" እያሉ የሚገፉ ናቸው። ርካሽ ናቸው፣ ቶሎ ይሠራሉ፣ ከ1 እስከ 1.5 ነጥብ ያወርዳሉ። ችግራቸው ምግብ ቢበሉም ባይበሉም መግፋታቸው ነው። አክስቴን ቅዳሴ ላይ የጣላቸው ይኸው ነው፦ ጠዋት የተዋጠ ክኒን፣ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ። ጠላና አረቄ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

በመካከላቸውም ልዩነት አለ። ግሊቤንክላማይድ ሰውነት ውስጥ ረጅም ይቆያል፣ ኩላሊት ሲደክም ይጠራቀማል። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ከ60 ዓመት በላይ ላሉ እንደማይስማማ ይጠቅሳል፣ ግሊክላዛይድን ያስቀድማል። እናታችሁ 68 ዓመታቸው ሆኖ ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ከሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ "መቀየር ይቻላል?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ መስመር አስታውሱ ብባል ይህንን ነው የምመርጠው።

ስኳር ሲወርድ፦ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሶ መለካት፣ ከዚያ ምግብ። በእነዚህ ክኒኖች የወረደ ስኳር ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል "ተሻለኝ" ብሎ ብቻ መተኛት አይገባም። ራሱን ለሳተ ሰው ምንም በአፉ አትስጡ፣ ሐኪም ቤት አድርሱት።

## አዳዲሶቹ

ዳፓግሊፍሎዚንና ኤምፓግሊፍሎዚን ስኳርን በሽንት የሚያስወጡ ክኒኖች ናቸው። ስኳር የሚያወርዱት ከ0.5 እስከ 1 ነጥብ ነው፣ ብዙ አይባልም። ጥቅማቸው ሌላ ቦታ ነው፦ የልብ ድካም ያለበትን ይጠቅማሉ፣ የኩላሊትን መድከም ያዘገያሉ፣ ክብደት ጥቂት ይቀንሳሉ። በብልት አካባቢ ፈንገስ ያመጣሉ። ሰውነት ሲደርቅ ወይም ምግብ ሲቋረጥ ደግሞ መለኪያው ላይ ስኳር ከፍ ሳይል ደም አሲዳማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በተቅማጥ፣ በትውከት፣ ከቀዶ ሕክምና በፊትና በረጅም ጾም ጊዜ ሐኪም ሳይጠየቅ አይቀጠሉም።

ሴማግሉታይድና መሰሎቹ የአክስቴ ልጅ ያለችው የሳምንት መርፌ ናቸው። ጠንካራ ናቸው፤ ስኳርም ክብደትም በደንብ ያወርዳሉ፣ ልብንም ይጠብቃሉ። ማቅለሽለሽ አላቸው። ውድ ናቸው፣ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ። በሻንጣ የሚመጣ መርፌ መንገድ ላይ ስንት ሰዓት ሙቀት እንዳገኘው ማን ያውቃል? ደግሞስ የሚመጣ ሰው ሲጠፋ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ስለ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቁንም አትርሱ። ባላችሁበት አገር ኢንሹራንስ የሚሸፍንላችሁ ከሆነ ጥሩ አማራጭ ነው። በሰው በሰው እየተላከ ለሚመጣለት ግን አልመክርም።

ሲታግሊፕቲን የዋህ ክኒን ነው። ብዙ አያወርድም፣ ብዙም አይጎዳም። ለአረጋውያን ይመቻል።

## ኢንሱሊን

"መርፌ ከጀመርኩ አበቃልኝ" የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው ጎድቷል። ኢንሱሊን የሰውነት የራሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1921 ቶሮንቶ ላይ ተገኝቶ በ1922 መጀመሪያ ለታማሚ ተሰጠ። ቆሽት ሲደክም የጎደለውን መሙላት ነው እንጂ ቅጣት አይደለም። አንዳንዱ በሕመም ወይም በቀዶ ሕክምና ጊዜ ጀምሮ በኋላ ወደ ክኒን ይመለሳል።

በማውረድ የሚስተካከለው የለም፣ መጠኑን በመጨመር የፈለጉበት ይደረሳል። አደጋውም እዚያው ላይ ነው፦ ከልክ በላይ ሊያወርድ ይችላል፣ ክብደትም ይጨምራል። አንድ ነገር ሁልጊዜ አረጋግጡ፤ ብልቃጡ 100 ዩኒት የሚል ከሆነ ሲሪንጁም 100 የሚል ይሁን። 40 የሚሉ ሲሪንጆችም አሉ፣ ከተምታቱ መጠኑ ይዛባል።

ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። በረዶ ከነካው ይጣላል፣ ቢሟሟም አይመለስም። የተከፈተው ከሙቀትና ከፀሐይ ርቆ 28 ቀን ገደማ ይቆያል። ማቀዝቀዣ ለሌለው ሁለት የሸክላ ዕቃ አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጎ፣ መሃሉን በእርጥብ አሸዋ ሞልቶ ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ይረዳል። የእንስራ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ የምታውቁ ሰዎች ይህ አይከብዳችሁም።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | ኤዋንሲ የሚቀንሰው | ከልክ በታች የማውረድ አደጋ | ክብደት | ወጪ | ዋና ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|---|
| ገበታና እንቅስቃሴ | እንደ ሰው፣ 1–2 ሊደርስ ይችላል | የለም | ይቀንሳል | ትንሽ | ለቀጭን ሰው የተለየ ምክር |
| ሜትፎርሚን | 1–1.5 | ብቻውን በጣም ትንሽ | አይጨምርም | ዝቅተኛ | ሆድ፣ ቢ12፣ የደከመ ኩላሊት |
| ግሊቤንክላማይድ | 1–1.5 | ከፍተኛ | ይጨምራል | ዝቅተኛ | አረጋውያን፣ ጾም፣ መጠጥ |
| ግሊክላዛይድ | 1–1.5 | መካከለኛ | ጥቂት ይጨምራል | ዝቅተኛ–መካከለኛ | ጾም |
| ዳፓግሊፍሎዚን፣ ኤምፓግሊፍሎዚን | 0.5–1 | ትንሽ | ይቀንሳል | መካከለኛ–ከፍተኛ | ፈንገስ፣ የሰውነት መድረቅ |
| ሴማግሉታይድና መሰሎቹ | 1–2 | ትንሽ | በደንብ ይቀንሳል | በጣም ከፍተኛ | ማቅለሽለሽ፣ ቅዝቃዜ፣ ሐሰተኛ ምርት |
| ኢንሱሊን | እንደ መጠኑ | ከፍተኛ | ይጨምራል | መካከለኛ | አቀማመጥ፣ ሲሪንጅ |

## ለማን የቱ?

ገና ለታወቀበትና ኪሱ ለሳሳ፦ ገበታ፣ እርምጃ፣ ሜትፎርሚን። በዚህ ብቻ ለዓመታት የሚዘልቅ ብዙ ሰው አለ። የጤና መድህን አባል ከሆናችሁ በመንግሥት ጤና ተቋም ተጠቀሙበት፤ አዲስ አበባ ያላችሁ ከነማ ፋርማሲዎችን ሳታዩ ውድ አትግዙ። የምታጠራቅሙትን ብር ለሦስት ወሩ ምርመራ አውሉት። ስትሪፕ (ደም ተነክቶባት ማሽኑ ውስጥ የምትገባው ቁራጭ) ውድ ነው፣ ስለዚህ በየቀኑ በዘፈቀደ ከመለካት በሳምንት አንድ ምግብ ምረጡና ከመብላታችሁ በፊትና 2 ሰዓት በኋላ ለኩ። በወር አራት ምግብ ታውቃላችሁ።

ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን፦ ጥብቅ ግብ አትፈልጉ። 7.8 ሆኖ ሳይወድቁ መኖር 6.4 ሆኖ ሽንት ቤት ውስጥ ከመውደቅ ይሻላል። ግሊቤንክላማይድ አይሁን።

ለጾመኛ፦ መጀመሪያ ነገር፣ ሃይማኖቱ ራሱ ለታመመ ሰው መንገድ አለው። የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። በእስልምናም ለታመመ ሰው ጾምን የመተው ፈቃድ በቁርኣን ተቀምጧል። እጾማለሁ ካላችሁ ግን ጾሙ ሳይገባ ሐኪማችሁን አግኙ። የጠዋቱ ክኒን ወደ መግደፊያ ወይም ወደ ማፍጠሪያ ሰዓት ሊዞር ይችላል፣ መጠኑም ሊቀነስ ይችላል። ሜትፎርሚን ለጾም ከሌሎቹ ይመቻል። ከ70 በታች ከወረደ ጾሙ እዚያው ይገደፋል፣ ድርድር የለውም።

ኩላሊት ወይም ልብ ለተነካ፦ ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኤምፓግሊፍሎዚን ከተቻለ ገንዘብ የሚወጣበት ነው።

ለማርገዝ ላሰበች፦ ከእርግዝናው በፊት ሐኪም ጋ። አብዛኞቹ ክኒኖች ይቀየራሉ።

ውጭ አገር ላላችሁ፦ አሜሪካ ሜዲኬር ያላችሁ ከ2023 ጀምሮ ለአንድ ዓይነት ኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር በላይ አትከፍሉም። ለቤተሰብ መለኪያ ማሽን የምትልኩ ደግሞ እባካችሁ ስትሪፑ አገር ቤት የሚገኝ መሆኑን አስቀድማችሁ አጣሩ። ስትሪፑ ያለቀበት ስንት ቆንጆ ማሽን በየመሳቢያው ተኝቷል። ከብሪታንያ የምትልኩ አሃዱን እዩ፤ እዚያ 7 የሚለው እዚህ 126 ነው፣ በ18 ይባዛል። "ስኳሬ 7 ሆነ" ብለው የደነገጡ ሽማግሌ አውቃለሁ።

አክስቴ በመጨረሻ ሐኪማቸውን ጠይቀው የጠዋቷ ክኒን ተቀየረች። ሜትፎርሚኑ ከራት ጋር ቀጠለ። ሽፈራውም አልቀረም፣ ሻይ ሆኖ ይጠጣል፣ ሐኪሙም ያውቃል። ልጃቸው መርፌውን ትታ ስትሪፕ ትልካለች። ከመግዛቷ በፊት አክስቴ ማሽኑን ካሜራ ፊት አቅርበው ስሙን ፊደል በፊደል ያስነብቧታል።